የግላስጎው ልጅና የኮረብታው ትምህርት ቤት

አርክቴክቶች ሲወሱ አብዛኛውን ጊዜ አብሮ የሚነሣው ቤተ መንግሥት፣ ካቴድራል ወይም የባንክ ሕንፃ ነው። የቻርልስ ሬኒ ማኪንቶሽ ስም ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠራ የኖረው ከአንድ ትምህርት ቤት ጋር ነው፤ ያውም ገንዘብ ያጠራቸው ሰዎች ባሠሩት፣ በተዳፋት ላይ በቆመ፣ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ በሚያስተምር የከተማ ትምህርት ቤት። የብሪታንያ አርክቴክቶች ንጉሣዊ ተቋም 175ኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ በ2009 ባካሄደው የድምፅ ምርጫ፣ በእነዚያ ዓመታት በብሪታንያ ከተሠሩት ሕንፃዎች ሁሉ አንደኛ የወጣው ይኸው የግላስጎው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነበር። በአምስተኛው ዓመት ሕንፃው ተቃጠለ። ተጠግኖ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ደግሞ በ2018 እንደ ገና ተቃጠለ።

እኔ በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ። ከሥራ መልስ ማታ ማታ የዚህን ሰው ታሪክ ሳነብ ሁለት ነገር ይገርመኛል። አንደኛው፣ የገንዘብ እጥረትና አስቸጋሪ ቦታ በብልህ ሰው እጅ ሲገቡ ምን ዓይነት ሕንፃ እንደሚወልዱ ነው። ሁለተኛው፣ የሠሩትን መጠበቅ ከመሥራት ይልቅ ምን ያህል እንደሚከብድ ነው፤ ሕንፃውንም፣ ሕንፃውን የሠራውን ሰውም። ለአንባብያን የማቀርበው ይህንኑ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የፖሊሱ ልጅ

ማኪንቶሽ ጁን 7 ቀን 1868 በስኮትላንድ ትልቁ ከተማ በግላስጎው፣ ታውንሄድ በሚባለው ሰፈር፣ ፓርሰን ጎዳና ላይ ተወለደ። አባቱ ዊልያም የፖሊስ መሥሪያ ቤት ባልደረባ ነበር። እናቱ ማርጋሬት ሬኒ 11 ልጆች ወልዳለች፤ እሱ አራተኛው ነው። የአንድ እግሩ ጅማት አጥሮ ስለ ነበር ዕድሜውን ሙሉ ያነክስ ነበር። እንደ እኩዮቹ መሮጥ የማይሆንለት ልጅ ወረቀትና እርሳስ ይዞ መቀመጥን ለመደ። አባቱ አትክልት ማልማት የሚወድ ሰው ስለ ነበር ልጁ በአበባና በቅጠል መካከል አደገ። በኋላ ዘመን በብረት፣ በእንጨትና በመስታወት ሥራዎቹ ላይ የምናያቸው እንቡጦችና ግንዶች ሥራቸው እዚያ የአባቱ ጓሮ ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዚያን ጊዜዋ ግላስጎው መርከብና የባቡር ሞተር የሚመረትባት፣ ሰማይዋ በከሰል ጭስ የተሸፈነ፣ ሀብትና ድህነት በአንድ ጎዳና የሚተላለፉባት ከተማ ነበረች። ፋብሪካዎቿ ጨርቅ የሚያስጌጥ፣ ብረት የሚያቀልጥ፣ የቤት ዕቃ የሚያወጣ ሰው ይፈልጉ ነበር። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱም በ1845 ሲቋቋም ዓላማው ይኸው ነበር፤ ለኢንዱስትሪው ዲዛይን የሚያወጡ ባለሙያዎችን ማፍራት። ስለዚህ ከመጀመሪያው የጌቶች መዝናኛ ሳይሆን የሠራተኛ ልጆችም ማታ ማታ የሚገቡበት ቤት ነበር።

ማኪንቶሽም ከእነዚያ አንዱ ነው። በ1884፣ ገና 16 ዓመቱ፣ ጆን ሃቺሰን በሚባል አርክቴክት ቢሮ ሙያ ለመልመድ ተቀጠረ። ቀን በቢሮ የሌሎችን ንድፍ ሲገለብጥ ይውላል፤ ማታ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ይማራል። በዚህ ዓይነት አሥር ዓመት ያህል ቆየ። ቀን ለእንጀራ፣ ማታ ለትምህርት መሮጥ ምን እንደሚመስል በስደት ላለን ሰዎች ማስረዳት አያስፈልግም። ትምህርት ቤቱ በዚያን ጊዜ የራሱ ሕንፃ አልነበረውም። በሶኪሆል ጎዳና፣ ማክሌላን በሚባለው የከተማው የሥዕል አዳራሽ ውስጥ ተጠግቶ ነበር የሚያስተምረው። ማኪንቶሽ ለሠዓሊ የማይመች ክፍል ምን እንደሆነ በመጽሐፍ ሳይሆን በገዛ ዓይኑ እዚያ ተማረ።

በ1889 ሃኒማንና ኬፒ ወደ ተባለው የአርክቴክቶች ድርጅት ተዛወረ፤ ሥራውም ንድፍ አንሺነት ነበር። በ1890 ለወጣት አርክቴክቶች የሚሰጠውን የአሌክሳንደር ቶምሰን የጉዞ ሽልማት አሸንፎ በሚቀጥለው ዓመት ኢጣሊያን ዞረ። ከዚያ በኋላ ግን የሚመሰጥበት ነገር የሮም ዓምዶች ሳይሆኑ የአገሩ የስኮትላንድ ጥንታዊ ግንቦች ሆኑ፤ ጌጥ የማያበዙ፣ ግድግዳቸው የወፈረ፣ መስኮታቸው እንደ ውስጥ ክፍሉ ፍላጎት አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ሆኖ የተከፈተ።

ዳይሬክተሩ

ከ1885 ጀምሮ ትምህርት ቤቱን ይመራ የነበረው ፍራንሲስ ኒውበሪ የሚባል እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነው። ኒውበሪ ሰው የማወቅ ተሰጥኦ ነበረው። በማታው ክፍል ያሉት ማኪንቶሽና የሥራ ባልደረባው ኸርበርት ማክኔር የሚሠሩት፣ በቀኑ ክፍል ካሉት ማርጋሬትና ፍራንሲስ ማክዶናልድ ከሚባሉ እኅትማማቾች ሥራ ጋር እንደሚመሳሰል አስተውሎ አራቱን አገናኛቸው። ቀን የሚማሩትና ማታ የሚማሩት በተለምዶ አይገናኙም ነበር። ከዚህ ትውውቅ አንድ የሥነ ጥበብ ቡድንና ሁለት ትዳር ወጣ፤ ማክኔር ፍራንሲስን፣ ማኪንቶሽ ደግሞ በ1900 ማርጋሬትን አገባ።

የተማሪው ቁጥር እየበዛ ሲሄድ የተከራዩት አዳራሽ ጠበበ። የትምህርት ቤቱ ቦርድ በጋርኔትሂል ኮረብታ ላይ ቦታ አገኘ፤ ለግንባታ የተመደበው ገንዘብ ግን 14,000 ፓውንድ ብቻ ነበር። በ1896 የተመረጡ የግላስጎው አርክቴክቶች በዲዛይን ውድድር እንዲሳተፉ ተጋበዙ። የፍላጎት ዝርዝሩን ያዘጋጀው ኒውበሪ ራሱ ነው፤ የትኛው ክፍል ምን ያህል ስፋት፣ ምን ያህል ብርሃን፣ በየት በኩል የሚዞር መስኮት እንደሚያስፈልገው አንድ በአንድ ተጽፎ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ዝርዝሩን አይተው ይህ ሁሉ በዚህ ገንዘብ አይሠራም ብለው ተቃወሙ። ቦርዱም ሐቁን ተቀበለና ሙሉውን ንድፍ አቅርቡ፣ በ14,000 ፓውንድ የሚሠራው እስከ የት እንደሆነ በንድፉ ላይ ምልክት አድርጉ፣ የቀረው ገንዘብ ሲገኝ ይቀጥላል አለ።

በ1897 መጀመሪያ ላይ አሸናፊው ሃኒማንና ኬፒ መሆኑ ታወቀ። ንድፉ የማኪንቶሽ ነበር። ነገር ግን እሱ የድርጅቱ ተቀጣሪ እንጂ ሸሪክ አልነበረምና በወረቀት ላይ የተጻፈው የአሠሪዎቹ ስም ነበር። በብዙ ቢሮ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ወግ ነው፤ አንዱ ያስባል፣ ሌላው ይፈርማል።

ቦታው ያስተማረው

አሁን ወደ ሕንፃው እንግባ። ቦታው ጠባብና ረጅም ነው። በሰሜን በኩል ሬንፍሩ ጎዳና አለ። ከዚያ መሬቱ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሶኪሆል ጎዳና አቅጣጫ፣ 10 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል። በደቡብ ያሉት ጎረቤቶች ነገ ፎቅ ቢጨምሩ ብርሃኑን ይጋርዳሉ። ሌላ አርክቴክት ይህን ሁሉ እንደ ዕንቅፋት ያየው ይሆናል። ማኪንቶሽ ግን ቦታውን አልታገለውም። ዋናዎቹን የሥዕል ክፍሎች በሰሜኑ ጎን፣ ወደ 75 ሜትር በሚደርሰው ግንባር ላይ ደረደራቸው። ኮሪደሩን ከኋላቸው አደረገ። በደቡብ በኩል ሕንፃው ሦስት ክንፍ አውጥቶ በክንፎቹ መካከል ክፍት ቦታ እንዲኖር አደረገ፤ ጎረቤት ቢገነባም ብርሃን ጨርሶ እንዳይጠፋ ነው።

ሰሜን ለምን ተመረጠ? ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በ9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለምትርቅ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ ሌላውን ጊዜ በደቡብ። ግላስጎው ግን በ56 ዲግሪ ላይ ስላለች እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ሁልጊዜ በደቡብ ናት። በዲሴምበር ከአድማስ 11 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ብላ ተመልሳ ትጠልቃለች። ወደ ሰሜን የዞረ መስኮት፣ በበጋ ከማለዳና ከምሽት በቀር፣ ቀጥተኛ ጨረር አይገባበትም። የሚገባው ከሰማይ የሚመጣ የተረጋጋ ብርሃን ነው። ጠዋት የተጀመረ ሥዕል ላይ የሞዴሉ ጥላ ከሰዓት በኋላ አይዞርም፤ ቀለሙም አይለዋወጥም። ለሠዓሊ ይህ እንደ ቅንጦት የሚታይ አይደለም፤ ለጸሐፊ ጠረጴዛ እንደ ማለት ነው።

ስለዚህ የሰሜኑ ግንባር ከድንጋይ ይልቅ መስታወት ይበዛበታል። መስኮቶቹ ከሰው ቁመት ብዙ እጥፍ የሚበልጡ ናቸው። ስፋታቸው ግን እኩል አይደለም፤ የውስጡ ክፍል ሲሰፋ መስኮቱም ይሰፋል፣ ሲጠብ ይጠባል። መግቢያው እንኳ በልኬት መካከል ላይ አልተቀመጠም። ሆኖም ከጎዳናው ቆሞ ለሚያየው ሰው ሚዛኑ የተዛባ አይመስለውም። መስኮቶቹ ፊት ለፊት ጫፋቸው እንደ አበባ እንቡጥ የተጠቀለለ የብረት ደጋፊዎች ወጣ ወጣ ብለው ይታያሉ። ጌጥ ይመስላሉ፤ ጌጥም ናቸው። ግን ትልቁን መስኮት ይደግፋሉ፤ መስታወት የሚወለውለው ሠራተኛም ሳንቃውን የሚያሳርፍባቸው እነዚህ ናቸው። ገንዘብ ሲያንስ አንድ ብረት ሁለትና ሦስት ሥራ እንዲሠራ ይደረጋል። ውበቱ የመጣው ከዚህ ነው።

ለመሐንዲስ ዓይን ግን ከሁሉ የሚበልጠው የማይታየው ክፍል ነው። ግላስጎው ቀዝቃዛ ናት፤ አየሯም በጭስ የተበከለ ነበር። ልብሱን አውልቆ ለሰዓታት የሚቆም ሞዴል ደግሞ ሙቀት ያስፈልገዋል። ስለዚህ በምድር ቤቱ ትልቅ ማራገቢያ ተተከለ። ማራገቢያው አየር ከውጭ ይስባል፤ አየሩ ተጣርቶ በእንፋሎት በሞቁ ቧንቧዎች ላይ ያልፋል፤ ከዚያም በግድግዳዎቹ ውስጥ በተተዉ መተላለፊያዎች ሽቅብ ወጥቶ ለየክፍሉ ይደርሳል። በዚያ ዘመን ለትምህርት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ሕንፃው ሳንባ ነበረው ማለት ይቻላል። አንባቢ ይህን መተላለፊያ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ውስጡን ስናይ፣ ከመግቢያው የሚነሣው ሰፊ ደረጃ ወደ ላይኛው የኤግዚቢሽን አዳራሽ ያወጣል። የአዳራሹ ጣሪያ እንጨቶች ሳይሸፈኑ ይታያሉ፤ ብርሃን ከላይ በመስታወት ይገባል። የዳይሬክተሩ ቢሮ ከመግቢያው በላይ ነው፤ ከቢሮው በላይ ደግሞ የራሱ የሥዕል ክፍል አለው፤ ሁለቱን የሚያገናኝ የግሉ ትንሽ ደረጃም ተሠርቶለታል። ዳይሬክተር ሠዓሊነቱን ትቶ ጸሐፊ እንዳይሆን የታሰበ ይመስላል።

ግማሽ ሕንፃ

የመሠረት ድንጋዩ ሜይ 25 ቀን 1898 ተጣለ። ገንዘቡ ያደረሰው እስከ መግቢያው ድረስ ያለውን የምሥራቁን ግማሽ ብቻ ነበር። ያም ዲሴምበር 20 ቀን 1899 ተመረቀ። ለከተማው ሕዝብ የሕንፃው አርክቴክት የድርጅቱ ባለቤቶች ነበሩ፤ የ31 ዓመቱን ንድፍ አንሺ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። የቀረው ግማሽ ስምንት ዓመት ያህል በወረቀት ላይ ተቀምጦ ገንዘብ ጠበቀ።

እነዚያ ዓመታት ለማኪንቶሽ የለሙ ነበሩ። በ1900 ከማርጋሬት ጋር በቪየና አዳዲስ ሠዓሊዎችና አርክቴክቶች ባዘጋጁት ኤግዚቢሽን ላይ ሥራቸው ታይቶ ተወደደ። በገዛ ከተማው በቅጡ የማይታወቀው ሰው በኦስትሪያና በጀርመን ስሙ ተጠራ። በ1901 የድርጅቱ ሸሪክ ሆነ። ለአሳታሚው ዋልተር ብላኪ በሄለንስበርግ ሂል ሃውስ የተባለውን መኖሪያ ከ1902 እስከ 1904 ሠራ። ለሻይ ቤቶች ባለቤቷ ለኬት ክራንስተን በሶኪሆል ጎዳና በ1903 የተከፈተውን የዊሎው ሻይ ቤት፣ ወንበሩን ሳይቀር፣ ዲዛይን አደረገ። ከ1903 እስከ 1906 ደግሞ ስኮትላንድ ጎዳና ላይ ለሠራተኛ ሰፈር ልጆች ሌላ ትምህርት ቤት ሠራ፤ ሁለት የመስታወት ማማ የመሰሉ የደረጃ ቤቶች ያሉት። ጀርባው ከፍ ብሎ የሚወጣው ወንበሩ ዛሬ በየሙዚየሙ ይታያል። በሙያው እንዲህ የሠመረለት ግን ከእነዚህ ጥቂት ደንበኞች ጋር ብቻ ነበር።

በ1907 የትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ግማሽ ተጀመረ። ማኪንቶሽ አሮጌውን ንድፉን እንዳለ አልተጠቀመበትም፤ ምዕራቡን ክፍል እንደ አዲስ ነደፈው። የምሥራቁ ግድግዳ የስኮትላንድን ጥንታዊ ግንብ ያስታውሳል፤ የምዕራቡ ግን ወደ ፊት ያያል። ረጃጅም መስኮቶች ከፎቅ ፎቅ ሳይቋረጡ ሽቅብ ይወጣሉ። ከእነሱ በስተጀርባ ያለው ቤተ መጻሕፍቱ ነው፤ ዙሪያውን ሰገነት ያለው፣ ጥቁር ቀለም የተቀቡ የእንጨት ምሰሶዎች እንደ ዛፍ የቆሙበት፣ መካከሉ ላይ መብራቶች ዝቅ ብለው የተንጠለጠሉበት። በጣሪያው ላይ ደግሞ ምሥራቁንና ምዕራቡን የሚያገናኝ የመስታወት ኮሪደር ተዘረጋ፤ ተማሪዎቹ የዶሮ ማርቢያ የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። በዚሁ ጊዜ በእሳት አደጋ ሰው የሚወጣባቸው ሁለት ተጨማሪ ደረጃዎች ተሠሩ። ዲሴምበር 15 ቀን 1909 ሕንፃው ሙሉ ሆኖ ተመረቀ። ከውድድሩ እስከዚያ ቀን 13 ዓመት አልፏል፤ ማኪንቶሽም 41 ዓመቱ ነው። ከዚህ በኋላ በግላስጎው የሚጠቀስ ትልቅ ሕንፃ አልሠራም።

ከአገር መውጣት

ከ1910 አካባቢ ጀምሮ የግንባታ ሥራ በከተማዋ ቀዘቀዘ። የሰው ፍላጎትም ተለወጠ፤ የማኪንቶሽ ዓይነት ሥራ ያረጀ ፋሽን ተባለ። እሱም በሥራው ላይ የማይደራደርና ንድፉን እስከ መጨረሻው ሰዓት የሚለዋውጥ ሰው ስለ ነበር ከባልደረቦቹ ጋር መግባባት አልቻለም። መጠጥ አበዛ፤ ጤናውም ታወከ። በ1913 ከድርጅቱ ወጣ። በ1914 እሱና ማርጋሬት ቤታቸውን ዘግተው ምሥራቅ እንግሊዝ ባሕር ዳርቻ ወደምትገኘው ዎልበርስዊክ ወደምትባል መንደር ሄዱ። ለእረፍት የሄዱ ይመስል ነበር፤ ግላስጎው ተመልሰው ግን አልኖሩም።

በዚያች መንደር የሜዳ አበባ በውሃ ቀለም ይሥል ነበር። ጊዜው ግን የጦርነት ጊዜ ነው። አነጋገሩ የሌላ አገር የሆነ፣ እያነከሰ ማታ ማታ በባሕር ዳር የሚንሸራሸር፣ ከቪየና ደብዳቤ የሚመጣለት እንግዳ ሰው የመንደሩን ሰዎች አጠራጠራቸው። በ1915 ሰላይ ነው ተብሎ ተከሰሰ፤ ቤቱ ተፈተሸ። አንድ ጊዜ ያከበሩት ወዳጆቹ ደብዳቤዎች ማስረጃ ተብለው ተያዙበት። ስሙን ለማጥራት ወደ ለንደን ሄዶ መከራከር ነበረበት። በማያውቁት ሰፈር በአነጋገርና በአመል ብቻ መጠርጠር ምን ማለት እንደሆነ ብዙ አንባብያን ያውቁታል።

ኑሮውን በለንደን፣ በቼልሲ ሰፈር ቀጠለ። ጨርቅ ላይ የሚታተሙ ንድፎችን እየሠራ ይሸጥ ነበር። በ1916 ባሴት-ሎክ ለሚባል ነጋዴ በኖርዝሃምፕተን አንድ ጠባብ ቤት አደሰ። በ1920 ደግሞ የድሮው ተስፋ ለጥቂት ጊዜ ተመልሶ መጣ። እዚያው ቼልሲ ውስጥ ለሠዓሊዎች የጋራ ስቱዲዮዎች፣ ለዳንስ አስተማሪዋ ለማርጋሬት ሞሪስም ቲያትር ንድፍ አወጣ። ጋርኔትሂል ላይ የሠራውን ዓይነት ሥራ፣ በከተማ መካከል ለጥበብ የሚሆን ቤት፣ እንደ ገና ሊሠራ ነበር። ገንዘብ ግን አልተገኘም። ከዚያ ሁሉ ንድፍ የተገነባው የአንድ ሠዓሊ ስቱዲዮ ብቻ ነው።

በ1923 ባልና ሚስቱ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ሄዱ፤ ምክንያቱ ኑሮው ርካሽ፣ አየሩም ሞቃት መሆኑ ነበር። ፖርት ቫንድር በምትባለው የወደብ ከተማ ሰፍረው ማኪንቶሽ አርክቴክትነቱን ጨርሶ ተወና ሠዓሊ ሆነ። በዚያ የሠራቸው 40 ያህል የውሃ ቀለም ሥዕሎች ዛሬ በሙያው የሚደነቁ ናቸው፤ ዐለትና ቤት፣ ግንብና ተራራ አንድ አካል መስለው ይታዩባቸዋል። በ1927 ማርጋሬት ለሕክምና ለንደን በሄደችበት ወቅት በየቀኑ ማለት ይቻላል ይጽፍላት ነበር። በዚያው ዓመት ምላሱ ላይ ካንሰር ተገኘበት። ዲሴምበር 10 ቀን 1928 በ60 ዓመቱ ለንደን ውስጥ ዐረፈ።

ማርጋሬት በ1933 ስትሞት ሁለቱ ስቱዲዮ ውስጥ የተዉት ንብረት፣ ሥዕሉም ወንበሩም ተጠቃሎ፣ ከ90 ፓውንድ በታች ተገመተ። በዚያው ዓመት ወዳጆቹ በግላስጎው የመታሰቢያ ኤግዚቢሽን አዘጋጁለት። የታየውም በማክሌላን አዳራሽ ነው፤ ልጅ ሳለ ማታ ማታ በተማረበት በዚያው ቤት። ከተማዋ ልጇን የተቀበለችው ከሞተ በኋላ ነበር። ከዚያም ዝናው ቀስ በቀስ አደገ፤ በ1973 በስሙ ማኅበር ተቋቋመ፤ በ2009 ምስሉ በስኮትላንድ የባንክ ኖት ላይ ወጣ።

እሳቱ

ትምህርት ቤቱ ግን ይህ ሁሉ ሲሆን ሥራውን አላቋረጠም። ሙዚየም አልሆነም፤ ተማሪ በየቀኑ ቀለም የሚያፈስበት፣ ግድግዳው ላይ ምስማር የሚመታበት ቤት ሆኖ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። ማኪንቶሽ የሠራውም ለዚሁ ነበር።

ሜይ 23 ቀን 2014 ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራቸውን ለማሳየት ሲሰናዱ፣ በምድር ቤቱ ከሚያብጥ ፎም የወጣ ጋዝ በሞቀ ፕሮጀክተር ተቀጣጠለ። እሳቱ ያንን የአየር መተላለፊያ አገኘ። በአንድ ወቅት ሙቀት ሽቅብ ያደርስ የነበረው መንገድ በደቂቃዎች ውስጥ ነበልባል አደረሰ። ሰው ሁሉ በደኅና ወጣ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም አብዛኛውን ሕንፃ አዳኑ። ቤተ መጻሕፍቱ ግን ዐመድ ሆነ። በጊዜው እሳት የሚያጠፋ የውሃ ጉም ሥርዓት በሕንፃው እየተተከለ ነበር፤ ገና አላለቀም ነበር።

ከዚያ አራት ዓመት ሙሉ ጠራቢዎችና አናጢዎች ለጥገናው ደከሙ። የቤተ መጻሕፍቱ ምሰሶዎች ከአሮጌው ንድፍና ከፎቶግራፍ እየተለኩ እንደ ገና ተሠሩ። ጁን 15 ቀን 2018 ሌሊት ሁለተኛው እሳት ተነሣ፤ ይህኛው ግን ከድንጋዩ ግድግዳ በቀር የተወው ነገር ጥቂት ነው። የአካባቢው ነዋሪዎች ከቤታቸው ወጥተው ለሳምንታት መመለስ አልቻሉም፤ ከታች ያለው የሶኪሆል ጎዳና ንግድም ተጎዳ። በ2019 የስኮትላንድ ፓርላማ ኮሚቴ ትምህርት ቤቱ ለሕንፃው ጥበቃ በቂ ትኩረት አልሰጠም ሲል ወቀሰ። በ2022 የወጣው የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ዘገባ ደግሞ፣ ጉዳቱ ከመክፋቱ የተነሣ የእሳቱን መነሻ ማወቅ አልተቻለም ብሎ ደመደመ። ትምህርት ቤቱ እንደ ነበረ አድርጎ እንደሚመልሰው ቃል ገብቷል፤ ኮረብታው ግን ዛሬም የሚጠብቅ ነው።

ይህ ክፍል ሲነገር ጥፋቱን በማኪንቶሽ መተላለፊያ ላይ የሚያሳብቡ አሉ። በእኔ አስተያየት ግን ይህ ፍርድ ልክ አይደለም። እሱ በዘመኑ እውቀት ለሚሥለው ልጅ ንጹሕና ሞቃት አየር አደረሰ፤ ለእሳትም ሁለት መውጫ ደረጃ አስቀመጠ። ማራገቢያው ሥራ ካቆመ በኋላ መተላለፊያው በየፎቁ በእሳት መከላከያ መዘጋት የነበረበት ከእሱ በኋላ በመጡት ሰዎች ዘመን ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ምረቃ የለውም፤ ሪባን አይቆረጥለትም፤ በግድግዳ ውስጥ ተሠርቶ በግድግዳ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ሁልጊዜ ለሚቀጥለው በጀት ይተላለፋል።

ዛሬ በየሀገሩ ያለው ማኅበረሰባችን ገንዘብ አዋጥቶ አሮጌ ሕንፃ እየገዛ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና የልጆች ትምህርት ቤት ያደርጋል። ለመግዣው ሁሉም ይረባረባል፤ ለሽቦው፣ ለቧንቧውና ለእሳት መከላከያው የሚዋጣው ግን ጥቂት ነው። የማኪንቶሽ ታሪክ ለእንዲህ ላለው ኮሚቴ ጥሩ ንባብ ይመስለኛል። 14,000 ፓውንድ ይዞ ለሠዓሊ የሚገባውን ብርሃን ማድረስ እንደሚቻል አሳይቶናልና፤ ያ ብርሃን እንዳይጠፋ መጠበቅ ደግሞ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሰው ድርሻ ነው።